አልፍሬድ ቤይሊና የዱር ወፎች ፎቶግራፍ

ስለ ታላላቅ ሰዎች በሚጻፍበት ጊዜ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ነገሥታት፣ የጦር አዛዦችና አዲስ ነገር የፈለሰፉ ሊቃውንት ናቸው። ይሁን እንጂ ሌላው ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈውን ነገር በትዕግሥት ተቀምጠው አይተው ለኋላ ትውልድ ያቈዩ ሰዎችም አሉ። ከእነዚህም አንዱ አሜሪካዊው የወፍ ሊቅና ፎቶግራፍ አንሺ ሚስተር አልፍሬድ ማርሻል ቤይሊ ናቸው።

የእኚህን ሰው ታሪክ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሚስተር ቤይሊ የሀገራችንን ደጋና ቈላ በበቅሎ ዞረው ዛሬ እኛ በየዕለቱ የምናያቸውን ወፎች ተመልክተው የጻፉና ፎቶግራፍ ያነሱ በመሆናቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከሕይወታቸው የምናገኘው ትምህርት ለእምድብርና ለአካባቢዋ ተማሪ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሚስተር ቤይሊ በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1894 በአሜሪካ ሀገር፣ በአዮዋ ክፍለ ግዛት፣ አዮዋ ሲቲ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አዮዋ እርሻ የበዛበት፣ በቈሎ በብዛት የሚበቅልበት ሀገር ነው። በከተማዪቱ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የአራዊትና የአዕዋፍ ሙዚየም ነበረው፤ በዚያም ሆሜር ዲል የሚባሉ መምህር የወፍን ቆዳ ገፎና ውስጡን ሞልቶ በሕይወት እንዳለ አስመስሎ የማቆምን ጥበብ ያስተምሩ ነበር። ወጣቱ ቤይሊ የእኚህ መምህር ተማሪ ሆኑ። መምህሩም የተማሪያቸውን ትጋት አይተው፣ ገና በ18 ዓመታቸው ወደ ሩቅ ባሕር የሚሄድ ጓድ አባል እንዲሆኑ ረዷቸው። ይህም ጕዞ የቤይሊን የወደፊት ሕይወት የወሰነ ሆነ።

በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ ከሐዋይ ደሴቶች በስተሰሜን ምዕራብ ርቃ የምትገኝ ላይሳን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ርዝመቷ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰው ስለማይኖርባት አልባትሮስ የሚባሉት ትልልቅ የባሕር ወፎችና ሌሎችም አእላፋት ወፎች በሰላም ይራቡባት ነበር። ከዚህም በላይ በዓለም ላይ ከዚያች ደሴት በቀር ፈጽሞ የማይገኙ ትንንሽ የምድር ወፎች ነበሩባት። ከነዚህ ውስጥ አንዷ ቀይ ቀለም ያላትና የአበባ ማር የምትቀስም ነበረች፤ ሌላዪቱ መብረር የማትችል፣ በእግሯ ብቻ እየሮጠች የምትመገብ ነበረች፤ ሦስተኛዪቱ ደግሞ በሣሩ መካከል የምትኖር ትንሽ ቡናማ ወፍ ነበረች።

በ1903 ግን በደሴቲቱ ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ጥንቸሎችን አምጥቶ ለቀቀ። ጥንቸል ፈጥኖ የሚራባ እንስሳ ስለሆነና በደሴቲቱም የሚያድነው አውሬ ስላልነበረ፣ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ሣሩንና ቍጥቋጦውን ይጨርስ ጀመር። የአሜሪካ መንግሥትም ይህን ጥፋት ለማስቆም በ1912 መጨረሻ ጥቂት ሰዎችን ወደዚያ ላከ። ከነዚህም መካከል አንዱ ቤይሊ ነበሩ። ጓዱ በደሴቲቱ ላይ ሦስት ወር ያህል ተቀመጠ፤ ቤይሊም 19 ዓመት የሞላቸው እዚያው ሳሉ ነው። ሰዎቹ ከ5,000 የሚበልጡ ጥንቸሎችን ገደሉ። ዳሩ ግን ጥይታቸው አለቀ፤ ጥንቸሎቹም ገና አላለቁም ነበር። መርከብ መጥታ በማርች 1913 ወሰደቻቸው።

ያልተፈጸመው ሥራ ያመጣው ውጤት ከዐሥር ዓመት በኋላ ታየ። በ1923 ሌላ ጓድ ወደ ላይሳን ሲሄድ ያገኘው አሸዋ ብቻ ነበር። ትንሿ ቡናማ ወፍ ቀድማ ጠፍታለች። ከቀይዋ ማር ቀሳሚ ወፍ የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ዶናልድ ዲኪ የሚባሉት የጓዱ ፎቶግራፍ አንሺ ያችን ወፍ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ያዟት። ወዲያውም ከባድ የአሸዋ ማዕበል ተነሥቶ እነዚያ ሦስቱ ጠፉ። መብረር የማትችለው ወፍ ሚድዌይ ወደምትባል ሌላ ደሴት ተወስዳ ስለነበረች እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቈየች፤ በጦርነቱ ጊዜ ግን ከመርከብ የወረዱ አይጦች እርሷንም ፈጇት። እንግዲህ ቤይሊ በወጣትነታቸው በዐይናቸው ካዩአቸው ወፎች መካከል ሦስቱ ዓይነት ዛሬ በዓለም ላይ የሉም። የቀረልን በሙዚየም የተቀመጠ ቆዳ፣ ጥቂት ጽሑፍና ጥቂት ፎቶግራፍ ነው።

ቤይሊ ወደ አዮዋ ተመልሰው በ1916 ትምህርታቸውን ጨረሱ። ከዚያም በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች በአንዱ፣ በሉዊዚያና፣ በመንግሥት ሙዚየም ውስጥ እስከ 1919 ሠሩ። ቀጥለውም ወደ አላስካ ሄደው የዱር አራዊት ጠባቂ ሹም ሆኑ። በ1921 በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በዴንቨር ከተማ ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተዛውረው፣ ያንኑ ዓመት ወደ ሰሜናዊ አላስካ፣ በረዶ ወደማይለቀው የባሕር ዳርቻ ተላኩ። በዚያም ከሀገሩ ተወላጆች ጋር ክረምቱን አሳልፈው፣ ውሾች በሚጐትቱት ተንሸራታች ጋሪ እየተጓዙ የወፎችንና የአራዊትን ጠባይ አጠኑ።

እዚህ ላይ በዚያ ዘመን ወፍን ፎቶግራፍ ማንሣት ምን ዓይነት ሥራ እንደ ነበረ ብንገልጽ ለአንባቢ የሚጠቅም ይመስለናል። ዛሬ በእጅ ስልክ ሥዕል ለማንሣት አንድ ጣት ይበቃል፤ ሥዕሉም ወዲያው ይታያል፤ ካላማረም ይሰረዛል። የያኔው ካሜራ ግን ከባድ ሣጥን ነበር። በፊቱ መስተዋት ተገጥሞለታል፤ ከኋላው ብርሃን የሚቀበል መድኀኒት የተቀባ የመስተዋት ገበታ ወይም ፊልም ይገባበታል። ፎቶግራፍ አንሺው ርቀቱን በዐይኑ ለክቶ መስተዋቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰ ሥዕሉን ያጠራል። የብርሃኑን መጠን ራሱ ገምቶ ቀዳዳውን ያሰፋል ወይም ያጠባል። በሩ ለምን ያህል ቅጽበት መከፈት እንዳለበትም ይወስናል። በሩ ብዙ ጊዜ ከተከፈተ የወፏ ክንፍ ደብዝዞ ይወጣል፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ ከተከፈተ ደግሞ ሥዕሉ ይጨልማል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ አንድ ገበታ የሚሰጠው አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ሁለተኛ ለማንሣት ገበታው መለወጥ አለበት፤ በዚህም መካከል ወፏ ሄዳለች። የተነሣው ሥዕል መልካም መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው በጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኀኒት ታጥቦ ሲወጣ ነው፤ ይህም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሙቀትና እርጥበት ፊልምን ስለሚያበላሹ በቈላ ሀገር የሚጓዝ ሰው ፊልሙን እንደ ስንቁ አድርጎ መጠበቅ ነበረበት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ወደ ወፏ መቅረብ ነው። ሩቁን የሚያቀርቡት መስተዋቶች በዚያ ጊዜ ደካሞች ስለ ነበሩ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ከጐጆዋ ጥቂት ክንድ ርቆ መቀመጥ ነበረበት። ስለዚህ ከጨርቅ፣ ከቅጠል ወይም ከሣር መሸሸጊያ ይሠራል። መሸሸጊያው በአንድ ቀን ቢተከል ወፏ ደንግጣ እንቍላሏን ጥላ ስለምትሄድ፣ ከሩቅ ተተክሎ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይቀርባል። ወደ ውስጥ ሲገባም ሁለት ሰዎች አብረው ይገባሉ፤ አንዱ ወጥቶ ይሄዳል። ወፏም ሰው ሁሉ የሄደ መስሏት ወደ ጐጆዋ ትመለሳለች። የቀረው ሰው ግን ሳያስልና ሳይንቀሳቀስ ለሰዓታት ይቀመጣል። ጐጆዋን የሸፈነው ቅርንጫፍ ቢያስቸግረው በክር ወደ ጐን ይስበዋል እንጂ አይቈርጠውም፤ ምክንያቱም ቅርንጫፉ ከተቈረጠ ጫጩቶቹን ፀሐይ ይገድላቸዋል፣ ጭላትም ያያቸዋል። ሥራውን እንደ ጨረሰም ቅርንጫፉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሚስተር ቤይሊ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሠሩት በዚህ ትዕግሥት በሚጠይቅ ሙያ ነው።

በ1926 በቺካጎ ከተማ የሚገኘው ፊልድ ሙዚየም ወደ ኢትዮጵያ ታላቅ የጥናት ጓድ ለመላክ ወሰነ። ከሙዚየሙ ጋር የተባበረው ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ነበር። የጓዱ መሪ የአራዊት ሊቅ የሆኑት ዊልፍሬድ ኦስጉድ ሲሆኑ፣ አባሎቹ አምስት ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ በዚያ ዘመን በአሜሪካ ወፍ በመሣል ተወዳዳሪ አልነበራቸውም የሚባሉት ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ ነበሩ። የወፎቹ ጥናት ለእርሳቸውና ለሚስተር ቤይሊ ተሰጠ።

እንግዶቹ በጅቡቲ ወርደው በባቡር አዲስ አበባ ገቡ። ጊዜው በእኛ አቈጣጠር 1919 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ፣ ራስ ተፈሪ መኰንን ደግሞ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ነበሩ። ጓዱ ከመንግሥት ፈቃድ አግኝቶ በቅሎና ፈረስ፣ ድንኳንና ስንቅ አዘጋጅቶ ተነሣ። በመጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ወደ አርሲ ደጋ ተጓዘ። ቈይቶም ወደ ሰሜን አቅንቶ ጎጃምን አቋርጦ፣ ጣና ሐይቅንና ጎንደርን አይቶ፣ እስከ ስሜን ተራሮች ደርሶ በ1927 በሱዳን በኩል ወጣ። በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እነዚህ አገሮች የሚወስድ የመኪና መንገድ ስላልነበረ፣ ጕዞው በሙሉ በእንስሳት ጀርባና በእግር ነበር። ካሜራውና ፊልሙም በበቅሎ ጭነት ገደል ወርዶ ወንዝ ተሻግሯል።

እነዚያ ሰዎች ሀገራችንን የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በዙሪያቸው በቈላና በበረሃ ስለተከበቡ፣ በባሕር መካከል እንዳለች ደሴት ናቸው። ስለዚህም ሌላ ቦታ የማይገኙ አዕዋፍ ይኖሩባቸዋል። ሰማያዊ ክንፍ ያለው የደጋ ዝይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው ትልቁ ቍራ፣ አንገቱ በነጭ የተከበበው ርግብ፣ እንዲሁም ከጕሮሮው ሥጋ የሚንጠለጠልበትና ምንቃሩ እንደ ማጭድ የጐበጠው፣ ጧትና ማታ በመንጋ እየጮኸ የሚያልፈው ወፍ፣ እነዚህ ሦስቱ በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚኖሩ ናቸው። የእምድብር ልጅ ግን ቍራውን ከቤቱ ደጃፍ፣ ባለ ጐባጣ ምንቃሩን ወፍ ደግሞ በጀፎረው ሣር ላይ ትል ሲለቅም ስለሚያያቸው፣ የትም ያሉ ይመስለዋል። ሰው ከአሜሪካ ድረስ ባሕር ተሻግሮ ሊያያቸው የመጣው ወፎች በገዛ ደጃችን መሆናቸውን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

የሚስተር ፉዌርቴስና የሚስተር ቤይሊ ሥራ አንዱ የሌላውን ጕድለት የሚሞላ ነበር። የዚያ ዘመን ፊልም ጥቍርና ነጭ እንጂ ቀለም አያሳይም ነበር። በሌላ በኩል ወፍ እንደ ሞተች የዐይኗ፣ የእግሯና ላባ የሌለበት ቆዳዋ ቀለም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ሠዓሊው ወፏ እንደ ተገደለች ተቀምጦ ቀለሟን በብሩሽ ይይዛል። ካሜራው ደግሞ ወፏ በሕይወቷ የቆመችበትን ዛፍ፣ የተቀመጠችበትን ድንጋይና የሀገሩን መልክ ይይዛል።

ጓዱ ወደ አሜሪካ እንደ ተመለሰ ግን አሳዛኝ ነገር ደረሰ። በኦገስት 22 ቀን 1927 ሚስተር ፉዌርቴስ ከባለቤታቸው ጋር በመኪና ሲጓዙ፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጡ ባቡር ገጭቷቸው በ53 ዓመታቸው ሞቱ። ባለቤታቸው ቈስለው ተረፉ። በመኪናው ውስጥ ከኢትዮጵያ ያመጧቸው ሥዕሎች ነበሩ፤ እነርሱም ከመኪናው ተወርውረው ሳይጐዱ ተገኙ። ፊልድ ሙዚየምም ከነዚያ ሥዕሎች መካከል 32ቱን መርጦ በ1930 በአልበም አሳትሞ አወጣቸው። ሠዓሊው ሞቱ፣ የተሣሉት ወፎችም ዕድሜያቸው አጭር ነበር፤ ሥዕሉ ግን ይኸው ወደ መቶ ዓመት ሊደርስ ነው።

ሚስተር ቤይሊ ከኢትዮጵያ እንደ ተመለሱ በ1927 የቺካጎ የሳይንስ አካዳሚ ዳይሬክተር ሆኑ። በዚያም እስከ 1936 ቈይተው ወደ ዴንቨር ሙዚየም በዳይሬክተርነት ተመለሱ፤ ይህንንም ሥራ 33 ዓመት ያህል መሩት። በእርሳቸው ጊዜ ሙዚየሙ አራዊትና አዕዋፍ በሚኖሩበት ሀገር አምሳል የሚታዩባቸው ብዙ ትርኢቶች አቆመ። በመስተዋት ውስጥ ወፏ ከነጐጆዋ ትቆማለች፤ ከኋላዋ ተራራውና ሰማዩ ተሥለዋል፤ ከፊቷ ሣሩና ድንጋዩ እንደ እውነተኛው ተሠርቷል። ይህን የመሰለ ትርኢት ለመሥራት የሀገሩ መልክ ትክክለኛ ማስረጃ ስለሚያስፈልግ፣ በሜዳ የተነሣ ፎቶግራፍ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ሚስተር ቤይሊ ካሜራቸውን ይዘው ወደ ሚድዌይ ደሴት፣ ወደ ጋላፓጎስ፣ እንዲሁም ከኒው ዚላንድ በስተደቡብ ወዳለችው ካምቤል ደሴት ተጕዘዋል። ያነሱትን ተንቀሳቃሽ ሥዕልም ለሕዝብ እያሳዩ ያስተምሩ ነበር።

በዚያ መካከል የፎቶግራፍ መሣሪያ ተለወጠ። በ1925 ሊካ የሚባለው የጀርመን ካሜራ ለገበያ ቀረበ፤ ይህም በሲኒማ ፊልም የሚሠራ፣ በኪስ ሊያዝ የሚችል ትንሽ ካሜራ ነበር። በአንድ ጥቅል ፊልም 36 ሥዕሎች ማንሣት ተቻለ። በ1936 ደግሞ ለዚህ ትንሽ ካሜራ ቀለም የሚያሳይ ኮዳክሮም የተባለ ፊልም ወጣ። ሚስተር ቤይሊ በከባዱ ካሜራ የለመዱ ሰው ቢሆኑም አዲሱን አልናቁም። እንዲያውም በ1951 በትንንሽ ካሜራዎች የተፈጥሮን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ በዴንቨር ሙዚየም በኩል አሳተሙ። በ1948 ስለ ሰሜናዊ አላስካ ወፎች፣ በ1956 ስለ ሚድዌይና ስለ ላይሳን ወፎች፣ በ1965 ደግሞ ከባልደረባቸው ከሮበርት ኒድራክ ጋር ስለ ኮሎራዶ ወፎች ሁለት ትልልቅ ቅጾች አውጥተዋል። በ1969 ከሥራ ተሰናብተው በ1978 በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። ያነሷቸው ፎቶግራፎችም በዴንቨር ሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ።

አሁን አንድ ነገር ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። ሚስተር ቤይሊ ካሜራ ብቻ የያዙ ሰው አልነበሩም፤ ጠመንጃም ይዘው ነበር። በኢትዮጵያም ሆነ በአላስካ ብዙ ወፎችን ገድለው ቆዳቸውን ወደ ሙዚየም ወስደዋል። አንዳንዱ አንባቢ ይህን ሰምቶ ወፍ ወዳድ እንዴት ወፍ ይገድላል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በዚያ ዘመን አንዲት ወፍ የየትኛው ወገን መሆኗን ለይቶ ለማወቅ በእጅ ይዞ ላባዋን ከመቍጠርና ክንፏን ከመለካት በቀር ሌላ አስተማማኝ መንገድ አልነበረም። እነዚያ ቆዳዎች ዛሬም ለጥናት ያገለግላሉ። ሆኖም ጠመንጃ የሚሰጠው የወፏን አካል ነው፤ ጫጩቶቿን እንዴት እንደምትመግብ፣ ከዝናብ እንዴት እንደምትጠለል፣ ጠላቷን እንዴት እንደምታባርር አይነግረንም። ይህን የምናውቀው ወፏ በሕይወት ስትኖር ብቻ ነው። የሚስተር ቤይሊም ዘመን ከጠመንጃ ወደ ካሜራ የተሸጋገረ ዘመን ነው ማለት ይቻላል። በወጣትነታቸው የላይሳንን ወፎች ለማዳን ተልከው ሥራው ሳይፈጸም የተመለሱ ሰው፣ የጠፋ ወገን ተመልሶ እንደማይመጣ ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር።

እኛስ ከዚህ ታሪክ ምን እንማር? በመጀመሪያ፣ ወፍ ሁልጊዜ ይኖራል ብሎ መዘናጋት ስሕተት መሆኑን እንማር። በመስቀል በዓል በየቤቱ በሬ ሲታረድ በሰማይ ላይ የሚያንዣብበውን ጥንብ አንሣ ልብ እንበል። ማንም ሰው ጥንብ አንሣ ይጠፋል ብሎ አያስብም። ነገር ግን ተፈጥሮን የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2015 ከአፍሪካ ጥንብ አንሣዎች መካከል አራቱን ዓይነት ፈጽሞ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ አግብቷቸዋል። ከእነዚህም መካከል ራሱ የተላጨ የሚመስለው ትንሹና አንገተ ረጅሙ የሩፔል ጥንብ አንሣ በሀገራችንም ይገኛሉ። የሚጠፉበትም ዋና ምክንያት ለጅብና ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው፤ አንድ የተመረዘ በድን በአንድ ቀን ብዙ አሞራ ይጨርሳል። እነርሱ ከሌሉ ጥንቡን የሚያነሣልን የለም፤ በሽታውም ለእኛው ይተርፋል።

ሁለተኛ፣ ወንጭፍ ለእህል መጠበቂያ እንጂ ለመጫወቻ የተሠራ አለመሆኑን እናስተውል። በእንሰቱ መካከልና በትልልቆቹ ዛፎች ላይ ጐጆ የሠራችውን ወፍ ለውድድር መምታት፣ እንቍላሏንም ማፍሰስ በየመንደሩ ይታያል። ታናናሽ ወንድሞቻችን ይህን የሚያደርጉት ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ ሌላ የሚያስደስት ነገር ያሳያቸው ሰው ስለሌለ ነው። ወፏ ጫጩቶቿን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትመግብ ቍጠሩ ብንላቸው፣ ከወንጭፉ የበለጠ ያዝናናቸዋል።

ሦስተኛ፣ ትዕግሥትን እንማር። ዛሬ ብዙዎቻችን ካሜራ ያለው ስልክ በእጃችን ወይም በቤተ ሰባችን እጅ አለ። ይህ ስልክ ሚስተር ቤይሊ በበቅሎ ካስጫኑት ካሜራ በብዙ ነገር ይበልጣል። የሚጐድለን መሣሪያ ሳይሆን ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። በፊልም የሚሠራ አሮጌ ካሜራ በቤቱ ያለው ሰው ቢኖር ደግሞ አይጣለው፤ 36 ሥዕል ብቻ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ከማንሣቱ በፊት አጥብቆ ያያልና፣ ለማየት መማሪያ ይሆነዋል።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ፎቶግራፍ ጽሑፍ ካልተጨመረበት ግማሽ ሥራ መሆኑን እንወቅ። ሚስተር ቤይሊና ባልደረቦቻቸው ወፏ የታየችበትን ቀን፣ ቦታና ከፍታ ሳይጽፉ አላለፉም። ዛሬ ከመቶ ዓመት በኋላ ሊቃውንት ያኔ ምን ነበረ፣ አሁን ምን ቀረ ብለው ለማመዛዘን የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን አሮጌ ፎቶግራፎች እንመልከት፤ ከኋላቸው ስምና ዓመት የተጻፈባቸው ታሪክ ሆነው ይኖራሉ፣ ያልተጻፈባቸው ግን የሚያውቃቸው ሽማግሌ ሲያልፍ አብረው ይጠፋሉ። የወፍም ሥዕል እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ አንድ ሐሳብ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች እናቀርባለን። በቤተ መጻሕፍታችን አንድ ደብተር ይቀመጥ። በግቢያችን፣ በየመንደሩ ጀፎረ፣ በወንዞቻችን ዳርና በየአብያተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ዛፎች ላይ የምናያቸውን ወፎች ከነቀኑና ከነቦታው እንጻፍበት፤ የሚቻለውም ፎቶግራፉን ይጨምርበት። ሽማግሌዎቻችን ወፎቹን በጉራጊኛ ምን ብለው እንደሚጠሯቸው ጠይቀን ስማቸውን አብረን እናስፍር፤ ስምም እንደ ወፍ ሊጠፋ ይችላልና። እኛ ተመርቀን ከሄድን በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ደብተሩን ገልጠው የትኛው ወፍ እንደ ቈየ፣ የትኛውም እንደ ራቀ ያዩበታል። ደብተሩን ለመጀመር አንድ እርሳስና አንድ ጧት ይበቃል።